«በቃኝ» የማለት መብት የማን ነው?



በዚህች ቅጠል ላይ ስለ ምግብ መጻፍ ድፍረት ሊመስል ይችላል። በሰፈራችን ስለ ምግብ የማይነገርበት ሰዓት የለም፤ በውኃ ቦኖው ሰልፍ፣ በወፍጮ ቤቱ በር፣ በቡናው ዙሪያ ሁሉ የሚነሣው ጉዳይ የእህሉና የዘይቱ ልክ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ልክ ስለሌለው ማዕድ ነው። ይኸውም አንድ ጊዜ በሩ ላይ ከፍሎ የገባ ሰው ያሻውን ያህል እያነሣ፣ ሳህኑን እየለወጠ፣ ደግሞ እየተነሣ፣ እስኪጠግብ፣ ከጠገበም በኋላ ሊበላ ስለሚችልበት የ«ቡፌ» ምግብ ቤት ነው።

ርእሱን ያስመረጠን አንድ ክርክር ነው። ወደ ሦስተኛ አገር ያለፉ ወዳጆች የሚልኩት ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በውይይታችን ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው ወገን፣ «የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የተመኘው ይህንን ነው፤ ሰፋሪ የለ፣ ከልካይ የለ፤ ነጻነት ማለት ይኸው ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን፣ «በአንድ በኩል ሕፃን በራብ እያለቀሰ በሌላ በኩል ሰው በጥጋብ የሚያቃስትበት ቤት የኃጢአት ቤት ነው» ሲል መለሰ። ሁለቱንም በጥሞና ከሰማን በኋላ ነገሩ ከዚህ ጠለቅ ይላል ወደሚል ሐሳብ ደረስን። በእኛ ግምት ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል መብላት ይገባል?» የሚለው አይደለም፤ «‹በቃኝ› የሚለውን ቃል የሚናገረው ማን ነው?» የሚለው ነው። ነገር ግን የማያውቁትን ነገር መፍረድ ፍርድ ስላይደለ፣ አስቀድመን ስለ ማዕዱ አመጣጥና አሠራር በአጭሩ እንናገር።

«ቡፌ» የፈረንሳይ ቃል ነው። በጥንቱ ትርጉሙ ዕቃ የሚቀመጥበትና ምግብ የሚደረደርበት የቤት ዕቃ ማለት ነበር። ወደ እኛም አገር በሁለቱም ትርጉም ገብቷል። በሳሎን ቆሞ ብርጭቆና ሳህን የሚደረደርበት ባለ መስተዋት ሣጥን ቡፌ ይባላል፤ በሠርግና በሆቴል ሰው ተሰልፎ የሚያነሣውም ምግብ ቡፌ ይባላል። በአዲስ አበባ ለገሃር የ«ቡፌ ደ ላ ጋር»ን ስም የሚያስታውሱ ታላላቆችም በመካከላችን አይጠፉም። የቤቱ ቡፌ ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በውስጡ የሚቀመጠው ምርጥ ዕቃ ለባለቤቶቹ አይደለም፤ ለእንግዳ ነው። የቤቱ ልጆች በቆርቆሮ ኩባያ እየጠጡ ያድጋሉ፤ የመስተዋቱ ብርጭቆ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። ዛሬ ስለምንነጋገርበት ቡፌ ስናስብ ይህን አንርሳ፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ለሌላ የሚቀመጥበት፣ ሌላኛው ለራስ የሚነሣበት ሆኗልና።

ያሻህን አንሣ የሚለው ማዕድ ሥር ካለባቸው አገሮች አንዷ ስዊድን ናት። ስዊድኖች ከዋናው ምግብ አስቀድሞ እንግዶች ቆመው የሚቀማምሱት፣ አረቄ፣ ዳቦ፣ ቅቤ፣ አይብና በጨው የተዘፈዘፈ ዓሣ የሚቀርብበት ትንሽ ጠረጴዛ ነበራቸው። ያ ጠረጴዛ በዘመን ብዛት ሰፍቶ ራሱ ዋና ምግብ ሆነ፤ «ስሞርጎስቦርድ» ተባለ፤ ፍቺውም ቅቤ የተቀባ ዳቦ ያለበት ገበታ እንደ ማለት ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን በስዊድን ድንኳን ቀርቦ ብዙ አሜሪካውያን አዩት፤ ወደዱትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሌላ መልክ የሰጠችው በኔቫዳ በረሃ ያለችው የቁማር ከተማ ላስ ቬጋስ ናት። በዚያ በ1941 እ.ኤ.አ. ኤል ራንቾ ቬጋስ የተባለ ሆቴልና ቁማር ቤት ተከፍቶ ነበር። በ1940ዎቹ በዚሁ ሆቴል ኸርብ ማክዶናልድ የተባለ ሰው በሌሊት ርቦት ከወጥ ቤት አይብና ቀዝቃዛ ሥጋ አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ቢያስቀምጥ፣ በአጠገቡ የሚያልፉ ቁማርተኞች እኛም እንብላ እንዳሉትና ሐሳቡ ከዚያ እንደተወለደ ይነገራል። ሆቴሉም በአንድ ዶላር ያሻህን ብላ የሚል የሌሊት ቡፌ አቋቋመ። ዓላማው ሆድ ማጥገብ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ቁማርተኛው ርቦት ወደ ሌላ ቤት እንዳይሄድ፣ በልቶ ወደ ቁማሩ እንዲመለስ ነው። ምግቡ ለባለቤቱ ኪሳራ ቢሆን እንኳ ቁማሩ ይመልሰዋል። እንግዲህ ልክ የሌለው ማዕድ በዚያች ከተማ ሲጀመር የቸርነት ልጅ አልነበረም፤ የወጥመድ እህል ነበር።

ጃፓኖች ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. በቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል ይህንኑ የስካንዲኔቪያ ልማድ አስገቡ። በዚያን ጊዜ ስለ ጥንት የሰሜን ሰዎች የተሠራ «ቫይኪንጎች» የሚል ፊልም ይታይ ነበርና ማዕዱ በዚያው ስም ተጠራ፤ እስከ ዛሬም በጃፓን ቡፌ «ባይኪንግ» ይባላል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በፊልሙ ቫይኪንግ በመርከብ መጥቶ የሚዘርፍ፣ ሥጋውን በእጁ ቦጭቆ የሚበላ ጀግና ነው። ማዕዱም ሰውን ለአንድ ሰዓት ዘራፊ የመሆን ደስታ ይሰጠዋል፤ ዘረፋው ግን ሒሳቡ አስቀድሞ የተከፈለበት ነው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። በአሜሪካ ቡፌ ቤት ረጅሙን ጠረጴዛ ሲጀምሩ በቅድሚያ የሚገኘው ሰላጣው ነው፤ የተከተፈ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ዱባ መሳይ ቅሎች፣ የድንች ሰላጣ። ቀጥሎ ለስላሳ ዳቦው ከነቅቤው፤ ከዚያ የተፈጨ ድንች ከነመረቁ፣ በአይብ የተቀቀለ ማካሮኒ፣ ሩዝ፣ ባቄላ፣ የበሰለ በቆሎ። የቻይናውያን ቡፌ ከሆነ በእንቁላል የተጠበሰ ሩዝና ፓስታ መሳይ ኑድል ይቀድማል። የተጠበሰው ዶሮ ከመካከል ነው። ውዱ ነገር፣ የከብቱ ጎድን ጥብስ፣ ከመጨረሻው ላይ ይገኛል፤ እርሱንም እንግዳው ራሱ አይቆርጥም፤ ነጭ ቆብ ያጠለቀ ሠራተኛ ቢላዋ ይዞ ቆሞ በስሱ እየቀረጠ ይሰጠዋል። የባሕር ዓሣ፣ ሽሪምፕና የሸርጣን እግር ያለባቸው ቤቶችም አሉ፤ የሸርጣኑ እግር እየተሰበረ የሚበላ ስለሆነ ጊዜ ይፈጃል፣ ሆድም ቶሎ አይሞላም። በስተመጨረሻ ኬኩ፣ የሚንቀጠቀጠው ባለ ቀለም ጄሎና እጀታ ሲጫኑት የሚወርደው አይስክሬም አለ።

ይህ አሰላለፍ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የሚያጠግበውና ርካሹ ይቀድማል፤ ውዱ ይዘገያል። የራበው ሰው ባዶ ሳህኑን ይዞ ሲገባ በመጀመሪያ ያገኘው ዳቦና ድንች ሳህኑን ይሞላዋል። ለዚህ እስከ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም፤ የአገራችንን የሠርግ ቡፌ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሰላጣውን፣ ሩዙን፣ ማካሮኒውን፣ ጎመኑን እንግዳው እንዳሻው ያነሣል፤ ዶሮ ወጡ ዘንድ ሲደርስ ግን ጭልፋ የያዘ ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል፣ ከዚያ «ቀጣይ!» ነው። ስለዚህ «ልክ የለውም» በሚባለው ማዕድ ላይ እንኳ ሰፋሪ አለ፤ የተሰወረው መስፈሪያው ብቻ ነው።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። ጥቂት የሚበላው ሰው ብዙ ለሚበላው ይከፍላል። አሮጊቷ ሾርባና ቁራጭ ዳቦ በልታ ስትነሣ፣ አምስት ሳህን የሚያጋባው ጎረምሳ የበላውን ሒሳብ ከፊሉን እርሷ ሸፍናለች። እድር ያለው ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ ዘንድሮ ሐዘን ያልደረሰበት ሐዘን ለደረሰበት ያዋጣል። ልዩነቱ በእድር አዋጪውና ተቀባዩ ይተዋወቃሉ፤ ድንኳኑንም አብረው ይተክላሉ። በቡፌው ቤት ግን አሮጊቷና ጎረምሳው አይተያዩም፤ ማን ለማን እንደከፈለ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

አንዳንዴም ሒሳቡ ይሳሳታል። ሬድ ሎብስተር የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ምግብ ቤት ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. በ20 ዶላር ያሻህን ያህል ሽሪምፕ ብላ የሚለውን ግብዣ ዘወትር እንዲሆን አደረገ። ሰዉም መጥቶ በላ። በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ ተመዘገበ፤ ድርጅቱም በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ እንዲሰጠው ለፍርድ ቤት አመለከተ። የኪራይ ዕዳና የአስተዳደር ጉዳይም ስለነበረበት ሽሪምፑ ብቻውን አወደቀው አንልም። ነገር ግን መጨረሻ የለውም የተባለው ማዕድ መጨረሻ እንዳለው በአደባባይ ታየ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዚህ ማዕድ ላይ «በቃኝ» የሚለው ማን ነው?

ባለቤቱ አይልም፤ ንግዱ «አይበቃህም» በሚለው ቃል ላይ ቆሟል። አስተናጋጁ አይልም፤ ባዶ ሳህን አንሥቶ ይሄዳል። ጎን ለጎን የተቀመጠውም ሰው አይልም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ሳህን ያያልና። በላተኛው ራሱስ? እርሱም ብዙ ጊዜ አይልም። ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሏል፤ የተረፈውንም ወደ ቤቱ ይዞ እንዲሄድ ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። እንግዲህ ያልበላው ሁሉ የጠፋበት ይመስለዋል። ጥጋቡ ከመጣ በኋላ የሚበላው ለሆዱ አይደለም፤ ለከፈለው ገንዘብ ነው። በመጨረሻ «በቃ» የሚለው ጨጓራው ነው፤ እርሱም በቃል አይናገርም፣ በሕመም ይናገራል። እንግዲህ ሰፋሪ የለበትም የተባለው ነጻነት ተመርምሮ ሲታይ፣ ሰውዬው ፈቃዱን ለሆዱ አስረክቦ የወጣበት ማዕድ ሆኖ ይገኛል።

ብራዚላውያን አንድ የሚያስገርም ሥርዓት አላቸው። በሥጋ ቤቶቻቸው አስተናጋጆች የተጠበሰውን ሥጋ በረጅም ብረት ሰክተው በየጠረጴዛው ይዞራሉ። በበላተኛው ፊት አንድ በኩሉ አረንጓዴ፣ በሌላው በኩሉ ቀይ የሆነ ካርድ ይቀመጣል። አረንጓዴው ሲታይ ሥጋው ይመጣል፤ ቀዩ ሲገለበጥ ይቆማል። «በቃኝ» የሚለው ቃል ወደ ካርድ ተለወጠ ማለት ነው። ዘዴው ብልህ ነው፤ ሆኖም የሚገለብጠው እጅ የራሱ የበላተኛው መሆኑን ልብ እንበል። ሰው ቢያንስ አንዲት ካርድ ካልቀረችው በቀር ማብቂያውን ማመልከት እንደሚቸግረው ምግብ ቤቱ ገብቶታል።

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ ራሳችን ማዕድ እናዙር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለአንድ ስደተኛ በቀን 2100 ኪሎ ካሎሪ የሚል መለኪያ አውጥተዋል። እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ ዘይቱ፣ ጨው፣ የተደባለቀው ዱቄት ሁሉ ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ይሰፈራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለጋሾች የሚሰጡት ገንዘብ ሲያንስ በምሥራቅ አፍሪካ ባሉ ብዙ መጠለያዎች ስፍሩ በተደጋጋሚ ከዚህ በታች ወርዷል። በኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ ስደተኞች ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. እህል ተመዝብሯል በሚል ምክንያት ለወራት ጭራሽ ተቋርጦ ነበር። ለተመዘበረው እህል ቅጣቱን የተቀበለው፣ ያልመዘበረው ተረጂ ነው። ቁጥሩ በስፍርም ይምጣ በካርድ በሚሞላ ገንዘብ፣ «በቃህ» የሚለው ቃል የሚነገረው ከሩቅ ነው። ተቀባዩ «ይበቃኛል» ወይም «አይበቃኝም» ብሎ የተናገረበት ጉባኤ የለም።

ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች እንደምናስበው የሚራራቁ አይደሉም። በቡፌው ቤት «በቃኝ» የሚለው ጨጓራ ነው፤ በእደላው ቦታ «በቃህ» የሚለው ቁጥር ነው። በሁለቱም ቦታ ሰውዬው ራሱ አልተናገረም። አንዱ ከመጠን በላይ ተሰጥቶት፣ ሌላው ከመጠን በታች ተሰጥቶት፣ ሁለቱም አንድ ቃል አጥተዋል። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ መከራቸው እኩል ነው አንልም፤ በጥጋብ የታመመና በራብ የደከመ አንድ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ሆዱ የሞላ መሆን አለበት። የምንለው፣ የጎደላቸው ነገር በዓይነቱ አንድ ነው ነው።

ይህ ቃል በሕይወት የሚገኝበት ማዕድ አለን። በገበታ ዙሪያ ስንቀመጥ እንግዳው ጥቂት ከበላ በኋላ እጁን ይሰበስባል። «ይብሉ እንጂ!» ይባላል። «በቃኝ፣ ጠገብኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» ተብሎ ጉርሻ ይመጣል። አንድ ያጣላል ይባልና ሁለተኛው ይከተላል። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ያምራል የተባለውም ለዚህ ነው። በዚህ ሥርዓት «በቃኝ» የጨጓራም የቁጥርም ቃል አይደለም፤ በሁለት ሰዎች መካከል የሚካሄድ ንግግር ነው። አንዱ ለሌላው ሲል ይተዋል፤ ሌላው ለዚያኛው ሲል ይጨምራል። እንግዳው ቀድሞ እጁን የሚሰበስበው ሁልጊዜ ጠግቦ አይደለም፤ የገበታውን ጠርዝ አይቶ፣ ከጓዳ ያሉትን ልጆች አስቦ ነው። ባለቤቲቱም በሞቴ የምትለው ሁልጊዜ ተርፏት አይደለም፤ የእንግዳው ክብር ከሌማቱ ባዶነት ስለሚበልጥባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ሊነሣብን ይችላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። «የገበታውን ነገር አታሳምሩት። በዚያው ገበታ ላይ ሴቶች ስንት ዘመን ኋላ በሉ? አሽከርና ገረድ ትራፊ አልጠበቁም? በቤተ መንግሥቱ ግብር መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ቀድመው ተቀምጠው፣ ወታደሩ ተራውን ጠብቆ አልገባም?» ይለናል። እውነት ነው። ግብር የአገራችን ያሻህን ብላ ነበር፤ ነገር ግን ሰው የሚቀመጥበትና ብልት የሚደርሰው በማዕረጉ ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ በኋላ እቴጌ የሆኑት ጣይቱ ብጡል ያሰናዱት ግብር ለቀናት የዘለቀና በሺህ የሚቆጠር ከብት የታረደበት ነበር። ዓመት ቆየት ብሎ የከብት በሽታ ገባ፤ ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ራብ ሆነ፤ የአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ፤ በሬ ጠፍቶ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው እስከ መቆፈር ደረሱ። ግብሩ ራቡን አላመጣም፤ በሽታና ድርቅ አመጣው። ነገር ግን ጥጋብን ዘላለማዊ አድርጎ ማየት ለንጉሥም እንደማይሆን ያ ዘመን አስተምሯል። ስለዚህ ከገበታው የምንወስደው ማዕረጉን አይደለም፤ «በቃኝ»ና «በሞቴ» የሚባባሉበትን አንደበት ነው።

ሁለተኛው ተከራካሪ ደግሞ ለቡፌው ይሟገታል። «በዚያ ቤት ማንም ስምህን፣ ዘርህን፣ ማዕረግህን፣ መታወቂያህን አይጠይቅህም። ሌሊቱን ሕንጻ ሲጠርግ ያደረ ስደተኛና ባለ መኪናው ነጋዴ አንድ ዋጋ ከፍለው ከአንድ ሳህን ያነሣሉ። ይህስ ክብር አይደለም?» ይላል። ይህን ክርክር አናቃልለውም። በልጅነቱ ስፍር ጠብቆ ያደገ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳይለምን ሁለተኛ ሳህን ሲያነሣ የሚሰማው ነገር ሆዳምነት ነው የሚል ፈራጅ፣ ራብን የሚያውቀው በወሬ ነው። እኛ በዚህ ሰው ላይ አንፈርድም። ጠግቦ መብላት አያሳፍርም። የሚያሳዝነው፣ ያ ሰው ክብሩን የሁለተኛ ሳህን ብቻ አድርጎ የቆጠረው እንደሆነ ነው። ክብሩ ሁለተኛውን ሳህን ማንሣት በመቻሉ አለ፤ ሦስተኛውን ሳያነሣ ለመነሣት በመቻሉም አለ። መጀመሪያውን የሚሰጠው ገንዘቡ ነው፤ ሁለተኛውን የሚሰጠው ማንም የለም፤ ከራሱ ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ ይቆጣል። «በዓለም የሚጣለው ምግብ እኛን ያጠግበን ነበር፤ ሌባው እርሱ ነው» ይላል። ቁጣው መነሻ አለው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ይህም ለሸማቹ ከሚደርሰው ምግብ 19 በመቶ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁ እጅ፣ 631 ሚሊዮን ቶን፣ የባከነው በየሰው ቤት ነው፤ ምግብ ቤቶችና የመሳሰሉት የአባከኑት 290 ሚሊዮን ቶን ነው። በሩቅ ከተማ የተደፋው ማካሮኒ ባይደፋ ኖሮ ወደ እኛ ድስት አይመጣም ነበር። የእኛ ድስት የጎደለው በጦርነት፣ በድርቅ፣ በበጀት መቀነስና በሰዎች ውሳኔ ነው። ተጠያቂውን በትክክል መለየት የፍትሕ መጀመሪያ ነው፤ ለበላተኛው የምንወረውረው እርግማን የወሳኞቹን በር አያንኳኳም።

እንግዲህ ምን ይከተላል? በኦሪት ዘጸአት የመናው ታሪክ ተጽፏል። ሕዝቡ በምድረ በዳ፣ በስደት ላይ ሳለ፣ እንጀራ ከሰማይ ወረደለት፤ እያንዳንዱም በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር ሰበሰበ። ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፤ ጥቂት የሰበሰበም አልጎደለበትም፤ ለነገ ብሎ የደበቀው ግን ተላ። በእስልምናም ሆድን ከሦስት ከፍሎ አንዱን ለምግብ፣ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለትንፋሽ መተው የሚመክር ሐዲስ አለ። ሁለቱም የሚነግሩን ልክ የሚባል ነገር የሰውን ነጻነት እንደማያዋርድ ነው። የሚያዋርደው ሌላ ሰው ባልሰማንበት ጉባኤ የወሰነው ልክ ነው፤ ወይም ደግሞ ልክ የሚባል ጨርሶ አለመኖሩ ነው። በመናው ታሪክ ላይ ልኩ «እንደ ሚበላው መጠን» መሆኑ ቁም ነገር አለው፤ መስፈሪያው ከበላተኛው ፍላጎት ተነሣ እንጂ ከሰጪው ካዝና አልተነሣም።

ከዚህ ተነሥተን ለሰፈራችን ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ «በቃኝ» እና «አይበቃኝም» አንድ መብት ናቸው። «አይበቃኝም» እንዲል ያልተፈቀደለት ሰው «በቃኝ» ቢል ቃሉ ዋጋ የለውም፤ ዝም ያለው በግድ ነውና። ስለዚህ በእደላው ቀን ሚዛኑ በፊታችን እንዲቆም፣ ስፍሩ ሲቀነስ ምክንያቱ በአደባባይ እንዲነገረን፣ ለኮሚቴው የሚመረጡት ሴቶች ድምፃቸው እንዲሰማ መጠየቅ የሆዳምነት ጥያቄ አይደለም፤ የሰውነት ጥያቄ ነው። «ለማኝ አይመርጥም» የሚለን ቢኖር፣ እኛ ለማኞች ሳንሆን ቤታቸውን ያጡ ሰዎች ነን ብለን እንመልስለታለን።

ሁለተኛ፣ ስፍሩ የሌሎች ቢሆንም ጉርሻው የእኛ ነው። ትናንት ማታ ደርሶ ገና ካርድ ያላገኘ ቤተሰብ በአጠገባችን ሲያድር፣ ከተሰፈረልን ላይ አንድ ጣሳ ቀንሰን ስንሰጥ፣ በዚያች ሰዓት «በቃኝ» ብለናል። ይህን እንድናደርግ ማንም አላዘዘንም፤ በመዝገብም አይጻፍም። ከሩቅ የተወሰነው ቁጥር ሊደርስበት የማይችለው የነጻነት ቦታ ይህ ነው። ዳሩ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህን መልካም ነገር አይተው «እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉና ቢቀነስም ይችሉታል» የሚሉ እንዳይኖሩ ሁለተኛውን ነገር ከአንደኛው አንነጥለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሎሚው አምስት ሲሆን ግን ሃምሳውም ባዶ እጃቸውን ናቸው።

ሦስተኛ፣ ነገ ከዚህ ተነሥተው ወደ ሩቅ አገር ለሚሄዱት ነው። ያ ረጅም ጠረጴዛ ይጠብቃችኋል። ዳቦውና ድንቹ መጀመሪያ ላይ መቀመጡን ታውቃላችሁ፤ ሥጋው ዘንድ ጭልፋ የያዘ እንዳለም ታውቃላችሁ። ሄዳችሁ ብሉ፤ ጥገቡ፤ ደስ ይበላችሁ፤ እኛን አስባችሁ ምግቡ በጉሮሯችሁ አይቆም፤ በእናንተ መራብ የእኛ ሌማት አይሞላምና። ብቻ አንድ ነገር አደራ። ብቻችሁን አትብሉ። በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ወደ የሳህኑ ሲያጎነብስ እናንተ ቀና ብላችሁ በአጠገባችሁ ያለውን «ይብሉ እንጂ» በሉት። ቋንቋው ባይገባው እጃችሁ ይገባዋል። የሚያስጨንቅ ሰው በአጠገቡ የሌለው በላተኛ «በቃኝ» የሚለውን ቃል ቀስ በቀስ ይረሳዋል፤ ቃሉን የረሳ ደግሞ በምግብ ብቻ አይወሰንም፤ በገንዘብም በሥልጣንም በቁጣም «በቃኝ» ማለት ያቅተዋል። አገራችንን ለዚህ ካበቁት ነገሮች አንዱ «በቃኝ» የሚል መሪ መጥፋቱ መሆኑን ለአንባቢ አናስተምርም።

ጎመን በጤና ይላሉ አባቶች። እኛ ደግሞ ጎመኑ በጤና፣ በፈቃድና በጋራ ይሁን እንላለን። ልኩን ራሱ የተናገረ፣ ሲጎድልበት አይበቃኝም ለማለት ያልፈራ፣ ሲበቃው እጁን ለመሰብሰብ የቻለ ሰው በየትኛውም ማዕድ ላይ ሰው ነው።

በዚህ ጉዳይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም በገበታው ላይ የሴቶችን ድርሻ በሚመለከት ልትከራከሩን የምትፈልጉ እኅቶች፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለክበቡ አስረክቡ፤ በሚቀጥለው ቅጠል ሳይቆረጥ ይገለበጣል። ይህችን ቅጠል አንብባችሁ ስትጨርሱ ሳትታጠፍና ሳትቀደድ ለጎረቤት አስተላልፉ። ማንበብ ለማይችሉ ታላላቆችም አንብቡላቸው።

ቸር ይግጠመን።